በእንተ አኰቴት፤ ስለ ዐሥሩ ለምጻሞችና ስለ ፈሪሳዊው ምስጋና የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ከቍጥር 11 እስከ 19 የተጻፈውን የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ካህን በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ምስጋና ባስተማረ ቍጥር ይህን ታሪክ ያነሣል፤ ዘጠኙን ውለታ ቢሶች ብሎ ይነቅፋል፥ አንዱን ያከብራል፤ ከዚህም በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጠው የሚለምኑትን ዕውሩንና አንካሳውን እያሳየ፥ እንደነዚህ ስላላደረጋችሁ አምላካችሁን አመስግኑ ብሎ ነገሩን ይፈጽማል። ሕዝቡም ይሰማል፤ አሜን ይላል፤ ወጥቶም በለማኙ ፊት ያልፋል። ይህን ስብከት ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ። ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ ዳሩ ግን ንባቡን የተከተለ አይደለም፤ ይልቁንም ጌታ የነቀፈውን ምስጋና ጌታ በወደደው ምስጋና ስም ያስተምራል እላለሁ። ይህንም ከራሱ ከንባቡ ላስረዳ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ በሰማርያና በገሊላ መካከል አለፈ፤ ወደ አንዲት መንደር በገባ ጊዜ ዐሥር ለምጻሞች ተገናኙት፤ ርቀውም ቆመው ምሕረት ለመኑት። ርቀው መቆማቸው ስለምን ነው ቢሉ፥ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 13 ቍጥር 45ና 46 እንዳዘዘች ለምጻም ልብሱን ቀዶ፥ ራሱን ገልጦ፥ ከንፈሩን ሸፍኖ፥ ርኵስ መሆኑን በገዛ አፉ እየተናገረ ከሰፈር ውጭ እንዲኖር ሕግ ነበረና ነው። ይህ ከሥጋው ሕመም ይልቅ ይከብዳል፤ ከቤተ መቅደስና ከማዕድ፥ ከሚስትና ከልጅ የሚለይ ደዌ ነውና።

ከዐሥሩም አንዱ ሳምራዊ ነበረ። አይሁድ ከሳምራውያን ጋራ እንደማይተባበሩ ዮሐንስ በ4ኛው ምዕራፍ በቍጥር 9 ጽፏል። ጠባቸው የቆየ ነው፤ ሳምራውያን በደብረ ገሪዛን የሠሩትን ቤተ መቅደስ የአይሁድ ሊቀ ካህናትና ገዢ የነበረው ዮሐንስ ሂርቃኖስ ጌታ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ አፍርሶባቸዋል። እንዲህ ሲጣሉ የኖሩ ወገኖች በለምጽ ጊዜ በአንድ ቦታ ቆሙ፥ በአንድ ድምፅም ለመኑ። ጤና ያላገናኛቸውን ደዌ አገናኛቸው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ አድርገህ ያዝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጌታም በዚያን ጊዜ እጁን ዘርግቶ አልዳሰሳቸውም፤ ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ብቻ አዘዛቸው። እነርሱም ሄዱ፤ በመንገድም ሳሉ ነጹ። እንግዲህ ዘጠኙ እምነት አልነበራቸውም የሚል ሰባኪ ይህን ይመልከት። ለካህን መታየት የዳነ ሰው ሥርዓት ነው፤ እነርሱ ግን ለምጹ ገና ከሥጋቸው ሳይለቅ መንገድ ጀመሩ። የተናገራቸውን ካላመኑ ማን አስኬዳቸው? ለመኑ፥ ታዘዙ፥ ሄዱ፥ ነጹ። ከካህኑ ዘንድ ሲደርሱ የሚጠብቃቸውም ቀላል ሥራ አይደለም። ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ እንደ ሠራችው፥ ካህኑ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ ያያል፤ ሁለት ወፎች፥ የዝግባ ዕንጨት፥ ቀይ ግምጃና ሂሶጵ ያስመጣል፤ አንዲቱን ወፍ በሸክላ ዕቃ በምንጭ ውሃ ላይ ያሳርዳል፥ ሁለተኛይቱን በደሟ ነክሮ በሕይወት ሳለች ወደ ሜዳ ይሰዳታል። የነጻውም ሰው ጠጕሩን ተላጭቶ፥ ልብሱን አጥቦ፥ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቀመጣል፤ በ8ኛው ቀን ሁለት ተባዕት ጠቦቶችና አንዲት እንስት ጠቦት ከዱቄትና ከዘይት ጋራ ያቀርባል፤ ድሀ ቢሆን አንድ ጠቦትና ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት ርግብ ይበቃዋል። ይህ ሁሉ እግዚአብሔር ያዘዘው ሕግ ነው። ዘጠኙ ይህን ለመፈጸም ቸኵለው ከሆነ በምን ይነቀፋሉ?

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨምር። ጌታ ዘጠኙ ወዴት እንደ ቀሩ ጠየቀ እንጂ አልረገማቸውም፤ ለምጻቸውንም አልመለሰባቸውም። ምስጋናቸው ቢቀር ጤናቸው አልቀረም። ከዚህ የምንረዳው ምስጋና የስጦታ ዋጋ አለመሆኑን ነው። ነጋዴ ዋጋው ካልተከፈለው ዕቃውን ይመልሳል፤ ጌታ ግን ነጋዴ አይደለም። ካላመሰገናችሁ የሰጣችሁን ይነሣችኋል እያለ ሕዝቡን የሚያስፈራራ መምህር እግዚአብሔርን አበዳሪ አደረገው፤ ሕዝቡም ምስጋናን እንደ ወለድ እየቈጠረ እንዲከፍል አስተማረው።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን ላይ ነው ቢሉ፥ ከአንዲት ቃል ላይ ነው። ወንጌላዊው ስለ አንዱ ሲጽፍ መዳኑን እንዳየ ይናገራል። ስለ ዘጠኙ መንጻታቸውን ነገረን እንጂ ማየታቸውን አልነገረንም። ዐሥሩም ዐይን ነበራቸው፤ ቈዳቸው ሲታደስ ሳያዩት አልቀሩም። ነገር ግን ማየት ሁለት ነው፤ ስጦታን ማየት አለ፥ በስጦታ ውስጥ ሰጪን ማየት አለ። ዘጠኙ የተመለሰላቸውን ጤና አይተው ወደሚመለሱበት ቤት አሰቡ፤ አንዱ ግን ጤናውን አይቶ ከማን እንደ መጣ አሰበ፥ ስለዚህም መንገዱን አቋረጠ። በጽርዑ ንባብም ለዚህ ታሪክ ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ገብተዋል፤ ዐሥሩ ነጹ ሲል አንድ ቃል፥ አንዱ መፈወሱን አየ ሲል ሌላ ቃል፥ በመጨረሻ ጌታ እምነቱ እንዳዳነው ሲነግረው ሦስተኛ ቃል ነው። መንጻት ለዐሥር ሆነ፤ መዳን የተነገረው ለአንድ ብቻ ነው። ሳምራዊው በመመለሱ ያገኘው ሰጪውን ራሱን ነው፤ ይህም ለዘጠኙ ተከልክሎ አልነበረም፥ መንገዱ ለሁሉ ክፍት ነበረ።

ሐተታ፤ ይህ ሳምራዊ ሂድ ቢባል ወደ የትኛው ካህን ይሄዳል? በኢየሩሳሌም ያሉት አይቀበሉትም፤ በገሪዛን ያሉት ቤተ መቅደሳቸው ፈርሷል። የሚሄድበት ስላጣ ተመለሰ ብለን ብንተረጕም ንባቡ አይከለክለንም፤ በር የተዘጋበት ሰው በሩን ፈጥኖ ያገኘዋልና። አንድም፥ ለካህን ታይ የተባለውን ትእዛዝ ከዘጠኙ ይልቅ የፈጸመው እርሱ ነው፤ እንደ መልከ ጼዴቅ ሥርዓት ለተሾመው ካህን ታይቷልና። ሁለቱም ትርጓሜ ይስማማል፤ እኔ ግን ፊተኛውን እመርጣለሁ፥ የሰውዬውን ድኽነት አይሸፍነውምና።

አሁን ቀድሞ ወዳልነው እንመለስ። በደዌ ዐሥር ሆነው አብረው የቆሙት በጤና ጊዜ ዘጠኝና አንድ ሆኑ። ሳምራዊው ሲመለስ የተከተለው የለም፤ ምናልባትም ቈዳው ሲጠራ ወገኑ ታየ። ይህ በእኛም አገር ያልታየ ነገር አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ዘመን በየዱሩ አንዲት እፍኝ ቈሎ የተካፈሉ ሰዎች፥ አገር ከገባ በኋላ በሹመትና በርስት የተጣሉ ስንት ናቸው? በመከራ ጊዜ ወንድምህ የነበረውን ሰው በደስታ ጊዜ ካላወቅኸው፥ ስለ ደስታህ የምታቀርበው ምስጋና ግማሽ ምስጋና ነው። ይህን ያልሁት ስለ ቂም አይደለም፤ ንባቡ ስለሚያስገድደኝ ነው።

በዚሁ በሉቃስ ወንጌል በሚቀጥለው ምዕራፍ፥ በ18ኛው ከቍጥር 9 እስከ 14፥ ሌላ አመስጋኝ እናገኛለን። እርሱም ወደ ቤተ መቅደስ ሊጸልይ የወጣው ፈሪሳዊ ነው። ብዙዎች ይህን ሰው ትዕቢተኛ ብለው ያልፉታል፤ ጸሎቱ ግን በምን እንደሚጀምር አይመረምሩም። ጸሎቱ የሚጀምረው በምስጋና ነው። ልመና የለበትም፤ ከእግዚአብሔር የጠየቀው አንዳች ነገር የለም፤ ከአፉ የወጣው ሁሉ አኰቴት ነው። በጽርዑም ሳምራዊው በጌታ እግር ሥር ወድቆ እንዳመሰገነ የተጻፈበት ቃልና ፈሪሳዊው የጀመረበት ቃል አንድ ቃል ነው። ሉቃስም ይህን ቃል በወንጌሉ አራት ጊዜ ብቻ ጻፈው፤ አንድ ጊዜ ለሳምራዊው፥ አንድ ጊዜ ለፈሪሳዊው፥ ሁለት ጊዜ ለጌታችን ለራሱ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለጊዜው እንተዋቸው።

ሁለቱ አመስጋኞች በቃል ከተካከሉ በምን ተለያዩ? ሳምራዊው ያመሰገነው ስለ ተደረገለት ነው፤ ፈሪሳዊው ያመሰገነው ስላልሆነው ነው። ቀማኛ፥ ዐመፀኛ፥ አመንዝራ ባለመሆኑ፥ ከሁሉም በላይ በስተኋላው እንደቆመው ቀራጭ ባለመሆኑ አመሰገነ። በጸሎቱ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ እርሱ ነው፥ ሁለተኛው የናቀው ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ግን የተጠራው ምስክር ሊሆን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙንና ዐሥራት ማውጣቱን የጨመረውም ለዚህ ነው። ሐሰት ተናገረ አልተባለም፤ የጾመ ይመስለኛል፥ ዐሥራቱንም ያወጣ ይመስለኛል። ነገር ግን ቀራጩ ጻድቅ ሆኖ ቢገኝ የፈሪሳዊው ምስጋና በዚያው ቀን ምክንያት ያጣል። በባልንጀራው ውድቀት ላይ የተሠራ ምስጋና፥ ባልንጀራው እንዲነሣ ሊወድ አይችልም።

እንግዲህ ሰባኪው በደጀ ሰላም የተቀመጠውን ዕውር እያሳየ እንደዚህ ስላላደረገህ አመስግን ሲል የትኛውን አመስጋኝ ያስተምራል? ቃሉ የፈሪሳዊው ቃል ነው። ያ ዕውር ደግሞ ጆሮ አለው፤ በእርሱ ጕዳት ሌላው ሲደሰት ይሰማል። እርሱስ ስለማን እያየ ያመስግን? ዕውርና አንካሳ የሆነውን እያሰበ ነውን? አንካሳውስ? ይህ ሐረግ ወርዶ ወርዶ ከሁሉ በታች ካለው ሰው ይደርሳል፤ እርሱ የሚያመሰግንበት ምክንያት አጥቶ ይቀራል። የክርስቶስ ወንጌል ከሁሉ በታች ያለውን ሰው ምስጋና አሳጥቶ ሌላውን አያስመሰግንም።

ቤተ ክርስቲያናችን የሠራችልንን ጸሎተ አኰቴትን ተመልከት። በሥርዓተ ቅዳሴ ሳንሰማው የምንውልበት ቅዳሴ የለም፤ ስለዚህ ይሆናል የማናስተውለው። የምስጋናው ምክንያቶች መጠበቅ፥ መረዳት፥ ወደ እርሱ መቅረብና እስከዚያች ሰዓት መድረስ ናቸው። ባለጸግነት አልተቈጠረም፤ ሹመት አልተቈጠረም፤ ከሌላው መብለጥ አልተቈጠረም። ባለጸጋውና ለማኙ ጐን ለጐን ቆመው ቃሉን ሳይለውጡ ሊሉት ይችላሉ፤ ሁለቱም እስከዚያች ሰዓት ደርሰዋልና። የጥንት አባቶች ምስጋናን እንዲህ አድርገው ካስተካከሉት፥ እኛ በስብከት ከፍና ዝቅ የምናደርገው በማን ሥልጣን ነው?

ስለ ስለትም ጥቂት መናገር ይገባል፤ በእኛ አገር ምስጋናና ስለት እንደ አንድ ነገር ተቈጥረዋልና። ይህ ቢሆንልኝ ጃንጥላ አገባለሁ፥ ያ ቢደረግልኝ ምንጣፍ አነጥፋለሁ ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱን አልነቅፍም፥ ሐናም ተስላ ሳሙኤልን ሰጥታለችና። ነገር ግን ስለት ገና ሳይቀበሉ የሚናገሩት ነው፤ ምስጋና ከተቀበሉ በኋላ ነው። የአባታችንን የያዕቆብን ነገር ያየ ልዩነቱን ያውቃል። በዘፍጥረት በ28ኛው ምዕራፍ ከወንድሙ ሸሽቶ በቤቴል ባደረ ጊዜ፥ እግዚአብሔር በመንገዱ ቢጠብቀው፥ እንጀራና ልብስ ቢሰጠው፥ በደኅና ቢመልሰው አምላኩ እንደሚያደርገውና ዐሥራት እንደሚያወጣ ተሳለ። ንግግሩ ሁሉ በ«ቢ» የታሰረ ነው። ከዚያ 20 ዓመት በላባ ቤት ተገዛ። ሲመለስም ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ እንደ መጣ ሰማ፤ ፈራ፤ በ32ኛው ምዕራፍም ጸለየ። በዚያ ጸሎት ለተደረገለት ምሕረት ሁሉ እንደማይገባው፥ ዮርዳኖስን ሲሻገር በትር ብቻ ይዞ እንደ ነበር፥ አሁን ግን ሁለት ሰራዊት እንደ ሆነ ተናገረ። በቤቴል ከተናገረው ጋራ ብታስተያየው ሌላ ሰው ይመስልሃል። ውሉ ቀርቶ ምስጋና መጥቷል። ደግሞም የመጣው በተድላ ቀን አይደለም፤ ወንድሙ ይገድለኛል ብሎ በሚንቀጠቀጥበት ሌሊት ነው። በትሩን ያስታወሰ ሰው እንዲህ ያመሰግናል። ዛሬ ባለጸጋ ሆኖ ዮርዳኖስን በምን እንደ ተሻገረ የማያስታውስ ሰው ግን፥ ጃንጥላው ከወርቅ ቢሆን ምስጋናውን ገና አልጀመረም።

የምስጋና መሥዋዕት ሕግ በዘሌዋውያን በ7ኛው ምዕራፍ ከቍጥር 11 ጀምሮ ተጽፏል። ይህን ክፍል ሰባኪዎች ሲያነሡት እምብዛም አልሰማሁም፤ የደረቀ የሥጋና የኅብስት ሥርዓት መስሎ ስለሚታይ ይመስለኛል። ልብ ላለው ግን ታላቅ ነገር አለበት። ስለ ስለት ወይም በፈቃድ የቀረበ የደኅንነት መሥዋዕት ሥጋው በቀረበበት ቀን ይበላል፥ የተረፈውም በማግሥቱ ሊበላ ይፈቀዳል። ስለ ምስጋና የቀረበው ግን በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ እስከ ነገ ሊያሳድሩት አይፈቀድም። ከእርሱም ጋራ የቂጣ ዐይነትና እርሾ ያለበት ኅብስት ይቀርባል። ስለምን በአንድ ቀን እንዲያልቅ ታዘዘ ቢሉ፥ አንድ ቤተ ሰብ አንድ በሬ ከብዙ ኅብስት ጋራ በአንድ ቀን በልቶ አይጨርስም። ሕጉ እንዳይጣስ ሰው መጥራት ግድ ነው፤ ጎረቤት፥ መጻተኛ፥ ሌዋዊ፥ ያገኘውን ሁሉ ይጠራል። አንድም፥ ምስጋና ለነገ የሚቀመጥ ስንቅ አይደለም ለማለት ነው። በዘዳግም በ26ኛው ምዕራፍም በኵራት የሚያቀርበው ሰው አባቱ ተቅበዝባዥ እንደ ነበረ፥ በግብፅም እንደ ተገዛ በካህኑ ፊት እንዲናገር፥ ከዚያም ከሌዋዊውና ከመጻተኛው ጋራ እንዲደሰት ታዟል። አስቀድሞ ትውልዱን ከባርነት ይጀምራል፤ የዘር ሐረጉን ከነገሥታት ብቻ ለሚቈጥር ሰው ይህ ጭንቅ ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት የእኛን የምስጋና ግብር እንመርምር። ከደዌ የዳነ ወይም ሹመት ያገኘ ባለጸጋ ድግስ ይደግሳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በሬው ሲታረድ ከአዳራሽ የሚገባው ብድር የሚመልሰው ሰው ነው፤ ድሀው የሚቀርብለት ትራፊ ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ያ በሬ የተገዛበት ገንዘብ ያልተከፈለ የሠራተኛ ዋጋ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ያዕቆብ ሐዋርያ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ በቍጥር 4 ያጫጆች ዋጋ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። በአንድ ቤት ሁለት ድምፅ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከአዳራሹ ምስጋና፥ ከጓሮው የደመወዝ ጩኸት። የትኛው ቀድሞ እንደሚሰማ ሐዋርያው ነግሮናል።

ባለጸጎችን ስንነቅፍ እኛ ካህናት ዝም ብለን ልናልፍ አይገባንም። በነገሥት ካልዕ በ5ኛው ምዕራፍ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጽ በነጻ ጊዜ እንደ ሳምራዊው ተመለሰ። ጌታም በሉቃስ በ4ኛው ምዕራፍ በቍጥር 27 ይህን ሰው ጠርቶታል። ንዕማን ከአገሩ ሲነሣ 10 መክሊት ብር፥ 6000 ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ይዞ ነበር፤ ኤልሳዕ ግን አንዳች አልተቀበለውም። ንዕማንም ሁለት በቅሎ የሚጭኑት አፈር ብቻ ለመነ፤ በዚያ አፈር ላይ ለእስራኤል አምላክ ሊሠዋ ነው። እስከዚህ ድረስ ምስጋናው ንጹሕ ነው። ከዚህ በኋላ ግያዝ ሮጠ፤ ሁለት እንግዶች መጥተዋል ብሎ ዋሽቶ አንድ መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ለመነ፥ ንዕማንም ሁለት መክሊት ሰጠው። የግያዝ ኀጢአት ውሸቱና ስርቆቱ ብቻ አይደለም። ንዕማን ሰው በገንዘብ የማይገዛው አምላክ መኖሩን ገና መማሩ ነበር፤ ግያዝ ያን ትምህርት በአንድ ሰዓት አፈረሰው፤ ጸጋውን በገበያ አወጣው። ስለዚህ የንዕማን ለምጽ በግያዝ ላይ ተጣበቀ። ምስጋና ሊያቀርብ የመጣን ሰው ስለቱን እየተቀበልን፥ ይህ ያንሳል፥ የእገሌ እንዲህ ነበር የምንል ካህናት ከኤልሳዕ ወገን ነን ወይስ ከግያዝ? ካህን ከመሠዊያው መኖሩ የተፈቀደ ነው፤ ጳውሎስም ይህን አስተምሯል። ነገር ግን ከመሠዊያው መኖር ሌላ ነው፥ የአመስጋኙን ልብ እየመዘኑ መቅረጥ ሌላ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ከሁሉም ይከብዳል። ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ በ5ኛው ምዕራፍ በቍጥር 18 በሁሉ ማመስገን እንደሚገባ አዝዟል። ልጅ የሞተባት እናትስ? እህሉ በአንበጣ የጠፋበት ገበሬስ? አንዳንዱ ቸኵሎ ወደ ልቅሶ ቤት ይገባና፥ አመስግኚ፥ ማጕረምረም ኀጢአት ነው ይላል። ንባቡን በደንብ እናንብብ። ያዘዘው በሁሉ ነው፤ ይህም በማናቸውም ጊዜና ኑሮ ውስጥ ማለት ነው። በኤፌሶን በ5ኛው ምዕራፍ በቍጥር 20 ስለ ሁሉ ብሎ የለምን የሚል ቢኖር፥ አዎን ብሏል፤ የተናገረው ግን ለአመስጋኙ ነው እንጂ ሌላውን አስገድደህ አስመስግን አላለም። ጳውሎስ ራሱ በፊልጵስዩስ ተገርፎ፥ እግሩ በግንድ ተጠርቆ፥ በመንፈቀ ሌሊት ከሲላስ ጋራ ዘምሯል፤ ጀርባው የቈሰለ ሰው ስለሚዘምር ነው እስረኞቹ ያደመጡት። ኢዮብም ሀብቱንና ልጆቹን ባጣ ጊዜ የእግዚአብሔርን ስም በገዛ አፉ ባረከ። ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ተቀምጠው ዝም አሉ፤ በእነዚያ ሰባት ቀኖች ፍጹማን ነበሩ። የተነቀፉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ በተናገሩት ነው።

በአገራችን በክፉው ቀን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የከብት እልቂትና ረኃብ በወደቀ ጊዜ ከሞት የተረፉ ሽማግሎች ታሪኩን ሲያወሩ በነገራቸው መካከል ተመስገን ይሉ እንደ ነበር ከአባቶች ሰምተናል። ያ ተመስገን ከእነርሱ አፍ ሲወጣ ምስክርነት ነው። ጐተራው ሞልቶ ሳለ የሚራበውን አመስግን የሚል ሰው ቃል ግን የኢዮብ ወዳጆች ቃል ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአውሮፓ አቈጣጠር በ407 ዓ.ም. በስደት መንገድ ላይ፥ ታሞና ደክሞ ሳለ በወታደሮች እየተነዳ፥ በኮማና ስለ ሁሉ እግዚአብሔርን አመስግኖ ዐረፈ። በመንበሩ ሳለ ስለ ምስጋና ብዙ አስተምሯል፤ ያን ትምህርቱን ያተመው ግን በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ቀድሞ የተውናቸው ሁለቱ ቃላት አሁን ይነገሩ። በሉቃስ በ22ኛው ምዕራፍ በቍጥር 17 ጌታችን ጽዋውን አንሥቶ አመሰገነ፤ በቍጥር 19 ኅብስቱን አንሥቶ አመሰገነ። ቃሉ ሳምራዊው በእግሩ ሥር ወድቆ ያመሰገነበት ቃል ነው። ቅዳሴያችን አኰቴተ ቍርባን መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። ጌታ በዚያች ሌሊት ምን ተደርጎለት አመሰገነ? ጤና አልተጨመረለትም፤ ከመከራ አልዳነም፤ ከማን በለጥሁ ብሎም አላመሰገነም፤ ሁሉን ዝቅ ብሎ የሚያገለግል እርሱ ነበረና። በእጁ የያዘው ሥጋውና ደሙ የሚሆነውን ነው፤ ሊሰጠው አንሥቶ አመሰገነበት። በቍጥር 21 እንደ ተጻፈም፥ አሳልፎ የሚሰጠው ሰው እጅ በዚያች ሰዓት ከእርሱ ጋራ በማዕድ ላይ ነበረች፤ ከማዕዱም አላስነሣውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።